በእናቴ መዳፍ ላይ የተቀመጠው አምስት ዶላር

ሰሞኑን ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ባለው የወላጆቼ ቤት ቡና ተፈልቶ ጎረቤት በተሰበሰበበት፣ እናቴ ልትጠይቀን ዋሽንግተን በመጣችበት ጊዜ የገጠማትን እየሳቀች አወራች። ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ የሚጠባበቅ አንድ የጎረቤት ልጅ ሲያዳምጥ ቆይቶ «እዚያ አገር ዝም ብሎ ለተቀመጠ ሰው ሁሉ ዶላር ይሰጠዋል ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። በቅን ልቡና ስለጠየቀኝ አልተቆጣሁትም፤ መልሱ ግን እስከ በረካ ድረስ ተወርቶም የሚያልቅ ስላልመሰለኝ እንዲህ ልጽፈው ወሰንኩ።

አሜሪካውያን በጦርነት የሞቱ ወታደሮቻቸውን የሚያስቡበት ቀን በፈረንጆቹ ሜይ ወር የመጨረሻው ሰኞ ይውላል። በዚያ ቀን ሱቆች የፍራሽና የማቀዝቀዣ ዋጋ ይቀንሳሉ፤ ቤተሰብም በየግቢው ሥጋ ሲጠብስ ይውላል። እናቴ «ሙት እያሰቡ እንዲህ ይበላል እንዴ?» ብላ ተገረመች፤ የእኛን ተዝካር ያየ ፈረንጅም ያንኑ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። የእናቴ አጎት የክብር ዘበኛ ወታደር ሆነው ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምተው የተመለሱ ሰው ስለነበሩ፣ እሷንና ባለቤቴን ከሁለት ልጆቻችን ጋር ይዤ ወደ ኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ሄድኩ።

ቦታው ላይ የዝናብ ካባ ለብሰው በቁጥቋጦ መካከል የሚጓዙ 19 የብረት ወታደሮች ቆመዋል። በስተሰሜን ባለው መንገድ ዳር ደግሞ፣ ከመሬት ብዙም ከፍ ባላለ የግራናይት ጠርዝ ላይ፣ ጦር ወይም የሕክምና ቡድን የላኩ 22 አገሮች ስም ተቀርጿል። ኢትዮጵያ የሚለውን ቀድማ ያገኘችው ታላቋ ልጄ ነበረች፤ እየጮኸች ጠራችን። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጎንበስ አለችና ድንጋዩን እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተሳለመችው። ከዚያም እዚያው መሬት ላይ ተቀምጣ፣ መዳፎቿን ወደ ሰማይ ዘርግታ፣ አጎቷን በስም እየጠራች ዝቅ ባለ ድምፅ ማልቀስ ጀመረች። አልከለከልናትም፤ ከአገሯ የመጣች ሴት ሙታኗን ያገኘችበት ቦታ ነውና።

ልጆቹ በ2014 ዓ.ም. የተጨመረውን የስም ግንብ ሊያዩ ስለፈለጉ ጥቂት ራቅ አልን። ግንቡ ላይ ከ36,000 በላይ አሜሪካውያንና ከእነሱ ጦር ጋር ተሰልፈው የሞቱ ከ7,000 በላይ ኮሪያውያን በስም ሰፍረዋል። ከ120 በላይ የሚሆኑት የእኛ ሙታን ግን እዚያ ስም የላቸውም። ይህን ለልጆቼ እያስረዳሁ ፊቴን ሳዞር፣ በዕድሜ የገፋች አንዲት ነጭ ሴት እናቴ አጠገብ ጎንበስ ብላ፣ ትከሻዋን ዳሰስ አድርጋ፣ በተዘረጋው መዳፏ ላይ አምስት ዶላር አስቀምጣ ስትሄድ አየሁ።

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ላወጣው አልቻልኩም። በስደት ዘመኔ ስሜን አጣመው የጠሩኝ፣ የተማርኩበትን ወረቀት እንደ ተራ ነገር የገፉብኝ፣ «አገራችሁ ትምህርት ቤት አለ?» ብለው የጠየቁኝ ብዙ ናቸው፤ ሁሉንም ችዬ አልፌአለሁ። በዚያ ድንጋይ አጠገብ እናቴ ለማኝ መስላ መታየቷ ግን አጥንቴ ድረስ ዘለቀ። የአገሬ ስም እዚያ የተቀረጸው ተቀብላ ሳይሆን ሰጥታ ነውና! ደሴ በኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. በጣሊያን አውሮፕላኖች ስትደበደብ፣ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል ሳይቀር ተመትቶ ሐኪሞቹ ለዓለም አቤት ሲሉ፣ የመንግሥታቱ ማኅበር ያደረገልን ከወሬና ከደካማ ማዕቀብ ያለፈ አልነበረም። ያን ዕለት ደሴ ላይ የነበሩት ንጉሠ ነገሥት በ1943 ዓ.ም. ቃኘውን ወደ ኮሪያ ሲልኩ፣ በእኛ ላይ የደረሰው በሌላ ትንሽ አገር ላይ ሲደርስ ዝም ብለን አናይም ማለታቸው ነበር። በጦርነቱ ከ3,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተሰልፈው፣ በመጨረሻ ምርኮኞች ሲለዋወጡ ከመካከላቸው አንድም ኢትዮጵያዊ አልነበረም።

ሴትዮዋ ይህን ከየት ታውቀዋለች? በእሷ ዕድሜ ያለ አሜሪካዊ ስለ እኛ የሚያስታውሰው በ1977 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከኮረም፣ በቴሌቪዥን የታየውን ሥዕል ነው፤ ነጭ ጋቢ ተከናንቦ መሬት ላይ የተቀመጠ ሰው። አርባ ዓመት አለፈ፤ ሥዕሉ ግን ወሎዬዋን እናቴን ዋሽንግተን ድረስ ተከትሏታል።

እናቴ ግን ገንዘቡ የጧፍ መስሏት ነበር። ነገሩን ሳስረዳት ጥቂት ዝም አለችና «የሰው ገንዘብ ነው፤ ሮጠህ መልስላት፤ እንዳትቆጣት» አለችኝ። ደርሼባት ወደ ድንጋዩ መለስኳትና አሳየኋት። አነበበችው፤ ፊቷ ቀላ፤ ኢትዮጵያ በዚያ ጦርነት መሰለፏን ሰምታ እንደማታውቅ ነግራ ይቅርታ ጠየቀች። እናቴ እጇን ይዛ በአማርኛ መረቀቻት። ቤት ስንገባም ቁጣዬ እንዳልበረደ አይታ «እሷ ምን ታድርግ? ማን ነግሯት?» አለችኝ።

ለጎረቤቴ ልጅ እንግዲህ መልሴ ይህ ነው። ተቀምጦ ዶላር የሚያገኝ የለም፤ ለተቀመጠ የሚሰጥ ሲገኝም እንዲህ ዓይነቱ ነው፤ ከድካሙ ይልቅ ይህ እንደሚከብድ ከእናንተ መካከል ለመውጣት የምታስቡ ሁሉ አስቀድማችሁ ዕወቁት። እኛ እዚያ ያለነው ደግሞ ልጆቻችንን ለመዝናኛ ቦታ ብቻ አገር ቤት እያመጣን መመለሳችን ያሳዝነኛል። በዚህ ሳምንት ልጆቼን በሐረጎ መንገድ ወደ ኮምቦልቻ ይዤ ስወርድ፣ እናቴ ደሴ የተደበደበች ዕለት የገዛ እናቷ ያየችውን ነገረቻቸው፤ የሣር ክዳን ቤቶች ሲቃጠሉ፣ ሰው ልጁን አዝሎ ወደ ጦሳ ተራራ ሲሸሽ። ታላቋ ልጄ ጥያቄ አበዛችባት፤ እናቴም አልሰለቸቻትም።

ወላጆቻችሁን ወደዚያ የምትወስዱ ካላችሁ፣ ኮሪያ የዘመተ ዘመድ ካለ ፎቶግራፉን አስይዟቸው፤ ድንጋዩ ዘንድ ስትደርሱም ከልጆቻችሁ አንዱ ከጎናቸው ቁጭ ይበል። የሚያልፍ ሰው ጎንበስ ብሎ ሲጠይቅ፣ በዚያ አገር ቋንቋ አጥርቶ የሚመልስለት ልጅ ነው።