የሞተው መጋዝ ሳይከፈት አዲስ አይገዛም

የሞተር መጋዙ የሞተው ጣውላ እያወጣንበት ነው። ወፍራም ግንድ በቁመቱ እየሰነጠቅን ነበር። ግማሽ ላይ ስንደርስ ድምፁ ድንገት ቀጠነ፣ ሽቅብ ጮኸ፣ ከዚያ ቀጥ አለ። የማስነሻ ገመዱን ብንስበው አልንቀሳቀስ አለን። ከቀዘቀዘ በኋላ ተሳበ፣ ግን ምንም አይከብድም። እመቃው፣ ፒስተኑ አየሩን ሲጨምቅ የሚፈጠረው ግፊት፣ ሄዷል ማለት ነው። በሞተር መጋዝ የኖረ ሰው ያንን የገመድ መላላት በእጁ ሲያገኘው ሌላ ማስረጃ አይፈልግም።

ክርክሩ እዚያው ግንዱ ላይ ተጀመረ። አለቃችን "ጉልበት አንሶት ነው፣ አሁን ትልቁን ነው የምንገዛው" አለ። ከሁላችንም በላይ በዚህ ሥራ የቆዩት ጋሼ ደግሞ "ያንኑ ዓይነት ግዙልኝ፣ እጄ ለምዶታል" አሉ። ትንሹ ልጃችን ስልኩን አውጥቶ በባትሪ የሚሠሩትን ያሳየን ጀመር። ሁሉም የየራሱ ምክንያት አለው። እኔ ያልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። መጀመሪያ ይሄኛው ለምን እንደሞተ እንወቅ። ያለዚያ የምንገዛውም በዚያው መንገድ ነው የሚሄደው።

ለማወቅ ደግሞ ብዙ መፍታት አያስፈልግም። ማርሚታውን የያዙትን ብሎኖች ፈትታችሁ በጭስ መውጫው ቀዳዳ ባትሪ ብታበሩ ፒስተኑ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የደህና ፒስተን ጎን ለስላሳ ነው። የእኛው ግን በጭስ መውጫው በኩል ከላይ እስከ ታች ተጭሯል፣ ፒስተኑን የከበበው የብረት ቀለበት፣ ፋሻውም፣ ከቦታው ተጣብቆ ቀርቷል። ጭረቱ ያለበት ጎን ብዙ ይናገራል። በአየር መግቢያው በኩል ተፍቆ ቢሆን ኖሮ የአየር ማጣሪያው አቧራና ደቃቅ ሰጋቱራ አሳልፏል እንል ነበር። በጭስ መውጫው በኩል ሲሆን ግን ብዙ ጊዜ ሞተሩ ከመጠን በላይ ግሎ ነው፤ ማለትም ወይ ቤንዚኑ ዘይት አልነበረውም፣ ወይ ከቤንዚኑ ይልቅ አየሩ በዝቷል።

ዘይቱን ወዲያው ከጥርጣሬ አወጣነው። ሌሎቹ ሁለት ምት ሞተሮቻችን ከዚያው ጀሪካን ጠጥተው ደህና ናቸው። ቅይጡም ለ50 ቤንዚን 1 ዘይት ነው፣ በአንድ ሊትር 20 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። የማግኔቱን ጎማ ስናወጣ ግን ነገሩ ተገኘ። ከስሩ ያለው ፓራኦሊዮ፣ በዘንጉ ዙሪያ አየር እንዳይገባ የሚያሽገው የጎማ ቀለበት፣ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በዚያ በኩል አየር ይስብ ነበር። የተሳበው አየር በካርቡራቶር አላለፈምና ቤንዚን አልተቀላቀለበትም፣ ቤንዚን ካልተቀላቀለበት ደግሞ ዘይትም የለውም። ሞተሩ ሊቆም ሲል ሽቅብ የጮኸውም ለዚሁ ነው። መጋዝ ጋዝ ሳትጨምሩለት ድምፁ ከቀጠነና ከፍ ካለ "ዛሬ ደግሞ ጥሩ እየሄደ ነው" እንዳትሉ። ወዲያው አጥፉት።

እንግዲህ ጉልበት አንሶት አይደለም? በከፊል አለቃችን ልክ ነበር። መጋዙ 60 ሲሲ ነው (ሲሲ የሞተሩን መጠን መለኪያ ነው)፣ ለማገዶም ለጣውላም እሱኑ ነበር የምንጠቀመው። ማገዶ ሲቆረጥ ሞተሩ ለጥቂት ሰከንድ ይለፋል፣ ከዚያ ግንዱ ይወድቅና ያርፋል። ጣውላ ሲሰነጠቅ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለደቂቃዎች በሙሉ ጋዝ ይጮሃል፣ አንዴም እፎይ አይልም። በዚያ ላይ የተለመደው ሰንሰለት የሚሳለው እንጨትን አግድም ለመቁረጥ ነው፣ የጥርሱ ማዕዘን 30 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። በቁመት ለመሰንጠቅ ወደ 10 ዲግሪ የተሳለ ሰንሰለት ነው የሚሻለው። ፓራኦሊዮው ባይሰነጠቅም በዚህ ዓይነት ሥራ ዕድሜው ማጠሩ አይቀርም ነበር። ጣውላ ማውጣት ዋና ሥራቸው የሆኑ ሰዎች ከ70 ሲሲ በታች እምብዛም አይነኩም፣ ለወፍራም ግንድ 90 ሲሲውን ነው የሚመርጡት።

አለቃችን ይህን ሲሰማ ደስ አለው። "ታዲያ 90 ሲሲውን እንግዛዋ!"

እስክንወስን ድረስ ከሌላ ቡድን እንደዚያው ዓይነት ትልቅ መጋዝ ተዋስን። ባሩ፣ ማለትም ሰንሰለቱ የሚዞርበት ብረት፣ ረጅም፣ ጉልበቱ የሚያስፈራ። ጠዋት ሁሉም በየተራ ሞከረውና ተደሰተ፣ እንጨቱ ውስጥ እንደ ቅቤ ነው የሚገባው። ቀኑ ግን የጣውላ ቀን አልነበረም፣ የማገዶ ቀን ነበር። የእነዚህ መጋዞች ክብደት ባርና ሰንሰለት ሳይጨመር፣ ታንኩም ባዶ ሆኖ 7 ኪሎ ይደርሳል፣ የሚበልጡም አሉ። ቤንዚኑን፣ የሰንሰለቱን ዘይትና ረጅሙን ባር ጨምሩበት። ማገዶ ቆራጭ ደግሞ መጋዙን አንዴ አስቀምጦ አይሰነጥቅም፤ ቀኑን ሙሉ ያነሳል፣ ያወርዳል፣ አንዱን ቅርንጫፍ ትቶ ወደ ሌላው ይዞራል።

ከሰዓት በኋላ መጋዙ ትንሹ ልጃችን እጅ ላይ ነበር። ጠንካራ ልጅ ነው፣ ደክሞኛል ማለት አይወድም። እጁ ግን ደንዝዞ ጣቶቹን ደጋግሞ ሲያራግፍ አየሁትና "አስቀምጠውና እረፍ" አልኩት። "ይቺን ልጨርስ" አለኝ። ከሚቆርጠው ግንድ ጀርባ ሌላ ግንድ ተጋድሞ ነበር። ረጅሙ ባር አልፎ በአፍንጫው የላይኛ ግማሽ ያን የኋላውን ግንድ ነካው። መጋዙ ረገጠ። ወደ ላይና ወደ ፊቱ ተወረወረ። የፊት መከላከያው የግራ እጁን አንጓ ሲነካው ፍሬኑ ያዘ፣ ሰንሰለቱ ከፊቱ ሳይደርስ ቆመ። የግራ አውራ ጣቱ እጀታውን በደንብ ጠምጥሞ ይዞ ስለነበር መጋዙ ከእጁ አላመለጠም። አልተጎዳም። እኔ ግን ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ፣ እሱም ለረጅም ጊዜ አልተናገረም።

ይህን በደንብ ለማያውቅ ሰው ልናገረው። ሰንሰለቱ በባሩ አፍንጫ ላይ ሲዞር የላይኛው ሩብ እንጨት ከነካ ጥርሱ ይነክስና መቁረጥ ያቅተዋል። ያ ሁሉ ፍጥነት ወዴት ይሂድ? ባሩን ራሱን ወደ ቆራጩ ይመልሰዋል። ሰው አይቶ እጁን ከማንቀሳቀሱ በፊት ያልቃል። ለዚህ ነው ፍሬኑ የማይሠራ መጋዝ፣ ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ መነሳት የሌለበት። ባር ከሥራው በላይ ሲረዝምም ትርፉ ይኸው ነው። አፍንጫው ከዓይናችሁ ርቆ፣ ከግንዱ ማዶ፣ ምን እንደሚነካ አታዩትም።

ንዝረቱም ቀላል ነገር አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት በ2002 ባወጣው መመሪያ የእጅ ንዝረት በ8 ሰዓት ተሰልቶ 2.5 ሜትር በሰከንድ ካሬ ላይ ሲደርስ አሠሪው እርምጃ መውሰድ ይጀምራል፣ ከ5 ማለፍ ደግሞ ክልክል ነው። ለዓመታት ችላ ያለው ሰው ጣቱ ብርድ ሲነካው ነጭ ይሆናል፣ ይደነዝዛል፣ ቁልፍ መቆለፍ እንኳ ይቸግረዋል። ጋሼ ይህንን ከማንም በላይ ያውቁታል። በዚያን ቀን እጃቸውን አሳዩንና ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ከዚያ በኋላ ክርክሩ መልኩን ቀየረ። ወደ ክምሩ ሄደን የምንቆርጠውን አየን። አብዛኛው ከ35 ሴንቲ ሜትር የማይወፍር ነው። ከዚህ የሚበልጠው አልፎ አልፎ የሚመጣ ነው፣ ጣውላ የሚሆነውም በቁጥር ከእሱ ያነሰ። እኔ ይህን ነበር ስል የከረምኩት። መጋዝ የሚመረጠው ዘወትር ለምትቆርጡት እንጨት ነው። በዓመት አንዴ ለሚመጣው ግዙፍ ግንድ ብላችሁ ቀኑን ሙሉ ሸክም አትሸከሙም።

ለዚህ ውፍረት የ50 ሲሲ የባለሙያ መጋዝ ከ40 ሴንቲ ሜትር ባር ጋር በቂ ነው። ለምሳሌ ስቲል የሚባለው ኩባንያ የሚሠራው ኤምኤስ 261 ሞተሩ 50.2 ሲሲ ነው፣ 3 ኪሎ ዋት ይሰጣል፣ ክብደቱም ወደ 5 ኪሎ ነው። ከፍ ያለውን ኤምኤስ 462 ብታዩ 72.2 ሲሲና 4.4 ኪሎ ዋት ሆኖ ክብደቱ 6 ኪሎ ገደማ ነው። የሁስክቫርናው 572 ኤክስፒም 70.6 ሲሲ ነው። ወፍራምና ቀጭን ለሚቀላቀልበት ሰው በዚህኛው ክልል ያሉት ይሻላሉ ብዬ አምናለሁ። የእኛ ሥራ ግን ወደ ቀጭኑ ያደላል።

ሲሲው ብቻ አይበቃም። "የባለሙያ" የሚል ጽሑፍ ሣጥኑ ላይ ሁሉም ይለጥፋል። እኔ የማየው ውስጡን ነው። የሞተሩ ቤት ማግኒዚየም ነው ወይስ ፕላስቲክ? ማግኒዚየም ከሆነ ኩሽኔታና ፓራኦሊዮ ቀይሮ ዓመታት ማሠራት ይቻላል። የሰንሰለቱ ዘይት መጠን ይስተካከላል? የአየር ማጣሪያው ያለ ካቻቢቴ ይከፈታል? ይህችን ትንሽ ነገር አትናቁ፣ ለማውጣት የሚያስቸግር ማጣሪያ አይጸዳም። ከሁሉም በላይ ደግሞ መለዋወጫው በቅርብ የሚገኝ ነው? የዓለም ምርጡ መጋዝ አንዲት ጎማ ጠፍቶለት ወር ሙሉ መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ ለእኔ መጋዝ አይደለም።

ካርቡራቶሩ ላይ ረዥም ጊዜ ተነጋገርን። ጋሼ በካቻቢቴ የሚስተካከለውን ይወዳሉ። እኔ ራሱን በራሱ የሚያስተካክለውን መረጥኩ፣ ምክንያቱም የምንሠራበት ከፍታ ይለያያል። ከፍ ያለ ቦታ አየሩ ይሳሳና ቤንዚኑ ይበዛል፣ እዚያ ተስተካክሎ ዝቅ ወዳለ ቦታ የወረደ መጋዝ ደግሞ ቤንዚን ያንሰውና ይግላል። ጋሼም አንድ እውነት አላቸው፤ ኤሌክትሮኒኩ ሲበላሽ በሜዳ ላይ የሚጠግነው የለም። ሁለታችንም አልተሸነፍንም። በመጨረሻ የሚይዙት እሳቸው ስለሆኑ በካቻቢቴ የሚስተካከለው ተገዛ፣ በየሠፈሩ ማስተካከሉም የእሳቸው ኃላፊነት ሆነ።

ባትሪውስ? ልጁ የጠየቀው ጥያቄ ጥሩ ነበር። ጭስ የለውም፣ ድምፁም ይቀንሳል፣ ለቅርንጫፍ ማራገፊያ እኔም እገዛው ነበር። ቀኑን ሙሉ ግንድ ለሚቆርጥ፣ ባትሪ መሙያ ለሌለበት ጫካ ግን ገና ነው።

ሰንሰለቱን ጥርሱ ጥግ ላይ ትንሽ ክብ ያለውን አደረግነው። ሹል ጥግ ያለው በንጹሕ እንጨት ይፈጥናል፣ የእኛ ማገዶ ግን መሬት ላይ ተጎትቶ አፈር ጠግቦ ነው የሚመጣው። ከአፈር ጋር ሹሉ ቶሎ ይደነዝዛል። ሰጋቱራው ቅንጣት መሆኑ ቀርቶ ዱቄት ሲሆን የሞረድ ሰዓት ነው፤ መጋዙን በክንድ መጫን ሞተሩን ማቃጠል ነው።

ጣውላውን በተመለከተ አለቃችን "እሱስ እንዴት ይሁን?" አለ። ተስማማን። የጣውላ ግንዶች ለብቻ ይከመራሉ፣ ሲበዙ ትልቁ መጋዝ ከመሰንጠቂያ ሰንሰለቱ ጋር በኪራይ ይመጣል። አዲሱ በቁመት አይሰነጥቅም። የሞተውም አልተጣለም። ፒስተንና ሲሊንደሩ፣ ሁለቱም ፓራኦሊዮዎች ታዘዋል፣ ሲመጡ ገጥሜ አየር አለማስገባቱን እፈትነዋለሁ። ካለፈ አዲሱ ሲጠገን የሚተካው እሱ ይሆናል።