ፒያሳ ላይ ዝናብ ይዞኝ

ዛሬ ዝናብ ድንገት ያዘኝና ጎንደር ፒያሳ ፖስታ ቤቱ ጥግ ተጠለልኩ። ስንት ዓመት በስሩ አልፌያለሁ፣ ቀና ብዬ ግን አይቼው አላውቅም። ክብ ብሎ የሚዞረው ፊቱ እንዴት ያምራል! አጠገቤ የቆሙ አባት «ይሄን ጣሊያን ነው የሠራው ልጄ» አሉኝ። አዎ አባባ፣ ግን የዚህን ከተማ ፕላን የነደፈው ሰው ስም አለው፦ ጌራርዶ ቦሲዮ። እ.ኤ.አ. በ1903 ፍሎረንስ ተወልዶ፣ ዕድሜው በ30ዎቹ መጀመሪያ ላይ እያለ ወረራው ይዞት መጣ። የፋሲልን ግንብ ሳይነካ አዲሱን ከተማ በጉብታው ላይ ዘረጋው፤ እጁ ጎበዝ ነበር፣ ይሄን አልክድም። ግን ያው ፕላን የጣሊያኑን ሰፈር ከአበሻው የለየ ነው፣ አያቶቻችን በገዛ አገራቸው ወደ ዳር የተገፉበት፣ እሱን ሳስብ ያመኛል። በ1939 ወደ አልባኒያ ሄዶ ቲራናን ነደፈ። በ1941 ገና 40 ሳይሞላው ሞተ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የመጨረሻው የጣሊያን ጦር እዚሁ ጎንደር እጁን ሰጠ። ለአባባ ይሄን ስነግራቸው ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰስ አደረጉና «ታዲያ አሁንማ የእኛ ነው፣ ምነው ቀለም ቢቀቡት» አሉ። ቀለሙ እውነትም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነስቷል።