ጦሳን የሚያይ ዓይን መርፌ ሲያቅተው

ደሴ በገባሁ ቁጥር እናቴ መርፌና ክር ታቀብለኛለች። ከመስኮቷ ሆና ጦሳ ተራራ ላይ ያለውን ዛፍ ለይታ የምታይ ሴት፣ ክሩን በምራቋ አርሳ፣ እጆቿን ከፊቷ አርቃ ብትሞክርም ቀዳዳውን ደጋግማ ትስተዋለች።

ብርሃንን ሰብሮ ከዓይን ኋላ ባለው ሬቲና ላይ የሚሰበስበው በአብዛኛው ኮርኒያ የተባለው ጥርት ያለ የፊት ሽፋን ነው፤ ከጠቅላላው 60 ዳዮፕተር (ብርሃን የመስበር ኃይል መለኪያ) ገደማ ኃይል 40 ያህሉ የእሱ ድርሻ ሲሆን፣ የቀረውን የውስጡ ሌንስ ይሞላል። ሆኖም ቅርጹን እየለወጠ ከሩቅ ወደ ቅርብ የሚያስተካክለው ሌንሱ ነው፤ እሱም ከዕድሜ ጋር እየደደረ ስለሚሄድ፣ ከ40 ዓመት ግድም በኋላ የቅርቡ ነገር ይደበዝዛል። እናቴ «ዓይኔ ደከመ» ትላለች፤ እኔ ግን ደደረ ቢባል የሚሻል ይመስለኛል።

ያመጣሁላት ባለ 2 ዳዮፕተር መነጽር መሐሉ ወፈር ያለ በመሆኑ የጎደለውን ኃይል ጨምሮላት፣ ዓይኗ ሳይጨነቅ 50 ሳንቲ ሜትር ላይ ያለውን ነገር አጥርቶ ያሳያታል። የእኔ መነጽር በተቃራኒው መሐሉ ስስ ነው፤ ዓይኔ ከተለመደው 24 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚረዝም፣ ብርሃኑ ሬቲናው ጋ ሳይደርስ እንዳይሰበሰብ አስቀድሞ መበተን አለበት።

ክሩን በአንዴ አስገባችና መነጽሩን ሳታወልቅ ቀና ብላ በመስኮቱ ተመለከተች። «ልጄ፣ ጦሳን ጉም ዋጠው እንዴ?»