አሥራ ዘጠኝ ፊልም፣ አንድ ዋንጫ

በሙያዬ የፊልም ኤዲተር ነኝ። ላለፉት አሥራ አራት ዓመታት የኖርኩት ሌሎች ቀርጸው ያመጡትን እየቆረጥኩና እየቀጠልኩ ነው። ስለ ዳይሬክተሮች ያለኝ አስተያየትም የሙሽራ ፀጉር ሠሪ ስለ ሙሽሮች ያላትን ይመስላል፤ ሳይዋቡ በፊት አይቻቸዋለሁ። አንድ አገር አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል በምርጥ ዳይሬክተር ዘርፍ ዳኛ እንድሆን ሲጋብዘኝ ሳላንገራግር እሺ ያልኩት በዚህ ትምክህት ነበር። አምስት ዳኞች ነበርን። አሥራ ዘጠኝ ፊልም፣ ሦስት ሳምንት፣ ለእያንዳንዱ ፊልም ከ10 ነጥብ የሚሞላ አንድ ቅጽ። ለትራንስፖርት የሚሆን ጥቂት አበልም ነበረው፤ በሁለተኛው ሳምንት አለቀ።

ትምክህቴ ሦስት ቀን እንኳን አልቆየም። በሥራ ቦታዬ አንድ ትዕይንት አሥራ አንድ ጊዜ ተቀርጾ ሲመጣ ዳይሬክተሩ በየመካከሉ ለተዋናዩ ምን እንዳለው እሰማለሁ። የሚያውቀውንና የሚደናበረውን ለመለየት ግማሽ ሰዓት ይበቃኛል። ዳኛ ስሆን ግን የተሰጠኝ ያለቀለት ሥራ ብቻ ነው። ፈትሉን አይቶ ሸማኔውን ማወቅና ጋቢውን ለብሶ ሸማኔውን መዳኘት ለየቅል ናቸው። አንድ ዝምታ ደስ ሲለኝ የተዋናዩ ነው? የኤዲተሩ ነው? ወይስ የዳይሬክተሩ? እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ተዋናይቷ ቀረጻው እስኪጀመር ስትጠብቅ ሳታውቀው የተቀረጸ ፊቷን ወስጄ የሐዘን ትዕይንት ውስጥ ከትቼዋለሁ። ዳይሬክተሩ በዚያች ትዕይንት ብዙ ተመሰገነ። እኔም ዝም አልኩ፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ቅጹም አላገዘኝም። የካሜራ አጠቃቀም፣ የተዋናዮች ብቃት፣ የታሪክ ፍሰት፣ ድምፅና ሙዚቃ ይላል። ለእነዚህ ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸው ዋንጫ አላቸው። ታዲያ ለዳይሬክተሩ ምን ተረፈለት? ችግሩ ከስሙም ይጀምራል። በቴአትር ቤት «አዘጋጅ» የምንለው ተዋናዮቹን የሚመራውን ነው፤ በሬዲዮ ጣቢያ «አዘጋጅ» ሌላ ሰው ነው፤ ፊልም ላይ ደግሞ ገንዘብ ያወጣው ሰው ራሱን አዘጋጅ ብሎ ሲጽፍ አይቻለሁ። በካን ፌስቲቫል ይህ ሽልማት የሚጠራው በሰውዬው ሳይሆን በሥራው ነው፤ የ«ሚዛንሴን» ሽልማት ይሉታል። ሰውንና ዕቃን ትዕይንቱ ውስጥ በየቦታው ማኖር እንደማለት ነው። ይህ ቃል ከቅጹ ይበልጥ ጠቀመኝ።

በመጀመሪያው ሳምንት ግን ገና እዚያ አልደረስኩም ነበር። ሐይቅ ላይ በሚንሳፈፍ የድሮን ምስል የሚጀምር አንድ ፊልም አየሁና 9 ሰጠሁት። ጭጋጉ፣ ዋሽንቱ፣ ሁሉም ደስ ይላል። በማግሥቱ ሁለት ሌሎች ፊልሞችም በሐይቅና በድሮን ጀመሩ። ያኔ ትንሽ አፈርኩ፤ ነጥቡን ግን አልነካሁትም።

ነገሩን የገለበጠው አንድ የአፋን ኦሮሞ ፊልም ነው። የተላከልን ቅጂ የትርጉም ጽሑፍ አልነበረውም። ስንደውል «ነገ ይደርሳል» ተባልን፤ ነገ የተባለው ሳምንት ፈጀ። የእኔ ኦሮምኛ ከሰላምታና ከገበያ አያልፍም። ቢሆንም ጊዜ ስላጠረኝ አንድ ሰዓት ተኩሉን እንዲሁ ተቀመጥኩና አየሁት።

አባት የሞተበት ቤት ነው። ታላቅ ወንድም፣ ታናሽ ወንድም፣ እናት። ታናሹ ታላቁ ባለበት ቤት አይቀመጥም። በሩን ተደግፎ ይቆማል፣ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል፣ ሲበላም ቆሞ ነው። ይህን ማንም አይናገረውም፤ ካሜራውም ተጠግቶ አያሳየንም። ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ታናሹ ይገባና ታላቁ ሁልጊዜ የሚቀመጥበት በርጩማ ላይ ይቀመጣል። እናት ቡና እየቀዳች ነበር፤ ጀበናውን እንዳዘነበለች ቀረች። ከጀበናው ምንም አይወርድም፣ እሷም አትመልሰውም። አንድ ቃል ሳይገባኝ ቤቱ እንደፈረሰ ገባኝ። የትርጉም ጽሑፉ ሲመጣ ገምግሜ አየሁት፤ የተሳሳትኩት በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አበዳሪ የመሰለኝ ሰው አጎታቸው ኖሯል።

ከዚያ ወዲያ የሌሎቹንም ፊልሞች ድምፅ ዘግቼ የመጀመሪያ አሥር ደቂቃቸውን ደግሜ አየሁ። ባለ ሐይቁ ፊልም ድምፁ ሲዘጋ ሰዎቹ ፎቶ ሊነሱ የተሰለፉ መሰሉ። ማን እንደተቆጣ፣ ማን ማንን እንደሚፈራ ለማወቅ አልቻልኩም። ሥራውን ሁሉ ይሠራ የነበረው ዋሽንቱ ነው። 9ኙን 6 አደረግኩት። ሌላም መፈተሻ አገኘሁ፤ የሚናገረውን ትቼ የሚሰማውን ማየት ጀመርኩ። በብዙ ፊልሞቻችን የሚሰማው ሰው አይሰማም፤ ወረፋውን ይጠብቃል። ዳይሬክተር ያለበት ፊልም ላይ ግን ሒሳብ ተቀብላ የምትሄደው አስተናጋጅ እንኳን የምትሄድበት ጉዳይ አላት።

ይህ ዘዴ አንድ ፊልም ሊያስበድለኝም ነበር። ታሪኩ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ያልቃል፤ ከግድግዳው ማዶ ያለው የጎረቤት ሬዲዮ ነው ሁሉን የሚያንቀሳቅሰው። ድምፁን ዘግቼ ሳየው ሞቷል። ምናልባት ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ ድምፁን ብቻ ሰማሁት፤ ያ ዳይሬክተር በጆሮ የሚያስብ ሰው ነው። ነጥቡ በአንድ ምሽት ከ5 ወደ 8 ወጣ። ከዚያ በፊት ያሳለፍኳቸውን ሁለት ፊልሞች በዚህ መንገድ አለማየቴ እስካሁን ይከነክነኛል።

የመጨረሻው ስብሰባ በአንድ ሆቴል ትንሽ አዳራሽ ተደረገ። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ የቴአትር ሰው ገና ሻዩ ሳይቀርብ ክርክሩን ከፈቱት፦ «ፊልሙ ምርጥ ከተባለ፣ የሠራው ሰው እንዴት ምርጥ አይባልም?» እኔ «ጤዛ» የተባለውን ፊልም አነሳሁ። እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል የኃይሌ ገሪማ ጤዛ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማት ሲወስድ፣ ለዳይሬክተር የሚሰጠውን የብር አንበሳ የወሰደው አንድ ሩሲያዊ ነበር። ዋናው የወርቅ አንበሳ ደግሞ ለሦስተኛ ፊልም ሄደ። «ለየብቻ ይታያል ማለት ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው። «ቬኒስ ሩቅ ነው፤ እኛ እዚሁ ነን» አሉና ሳቁብኝ። ሆኖም በነጥባቸው ከእኔ ጋር ነበሩ።

ያሸነፈን ሒሳቡ ነው። የኦሮምኛው ፊልም ከአምስታችን 10፣ 9፣ 9፣ 5 እና 4 አገኘ፤ ድምሩ 37። ሌላ፣ ንጹሕና ማንንም የማያስከፋ ፊልም ደግሞ 8፣ 8፣ 8፣ 7 እና 7 አግኝቶ 38 ሆነ። ከአምስት ዳኞች ሦስታችን የመጀመሪያውን ብናስበልጥም ዋንጫው ለሁለተኛው ሄደ። ሰብሳቢው «ቅጹ ሕጉ ነው» አሉ፤ ልክ ናቸው። 4 የሰጠው ዳኛ ፊልሙን ያየው የትርጉም ጽሑፉ ሳይመጣ፣ መኪና ውስጥ፣ በስልኩ ነበር። ይህን የነገረን ራሱ ነው፤ ነውር መሆኑ አልታየውም። በእርግጥ እኔም ያለ ትርጉም ነው ያየሁት። ልዩነቱ ስልኩና መንገዱ ይመስለኛል።

የሚቆጨኝ ሌላ ነገር አለ። ለተፎካካሪው 8 የሰጠሁት እኔም ነኝ። 6 ብለው ኖሮ ዋንጫው ይዞር ነበር። ነጥቡን ስሞላ ሁለቱ ፊልሞች እንደሚፎካከሩ ጠርጥሬአለሁ፤ እጄ ግን አልሄደም። ደግሜ ብጠየቅም 8 የምሰጠው ይመስለኛል፣ ግን በሙሉ ልቤ አይደለም። ስለዚህ ዳኛ ሁን ተብሎ ለተጠራ ሰው የምለው ይህ ነው፤ አንድም ፊልም ከመክፈትህ በፊት የዳኞቹ ድምፅ እንዴት እንደሚቆጠር ጠይቅ። በኦስካር እጩ ዳይሬክተሮችን የሚመርጡት ዳይሬክተሮች ራሳቸው ናቸው፤ በመጨረሻው ዙር ደግሞ እያንዳንዱ መራጭ አንድ ስም ብቻ ይመርጥና ብዙ ድምፅ ያገኘው ይወስዳል። ያም የራሱ ጉድለት አለው፤ ቢያንስ ግን የሁሉም ሁለተኛ ምርጫ የሆነ ፊልም በድምር አያሸንፍም። ለፌስቲቫሉ አዘጋጆች ሁለት ገጽ ሐሳብ ጽፌ ሰጠሁ፦ ዳኞች ነጥብ ሳይሆን ደረጃ ይስጡ፣ ፊልሞቹን በአንድ አዳራሽ አብረው ይዩ፣ የሌላ ዘርፍ መስፈርት ከቅጹ ይውጣ። በቀጣዩ ዓመት አዳራሽ እንደተከራዩ ሰምቻለሁ። ቅጹ ያው ነው።

ከሽልማቱ ምሽት በኋላ ያንን የኦሮምኛ ፊልም የሠራችውን ወጣት በር ላይ አገኘኋት። «ጋሼ፣ ምን ጎደለኝ?» አለችኝ። ነጥብ ምስጢር ነው፣ አልነገርኳትም። በምትኩ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲያብሰለስለኝ የነበረውን ጠየቅኋት፦ እናትየዋ ጀበናውን አዘንብላ የምትቀርበትን እንዴት አሰብሽው?

ሳቀች። «አላሰብኩትም። ስድስት ጊዜ ቀረጽነው፤ በስድስተኛው ቡናው አልቆ ነበር፤ እሳቸውም ምን እንደሚያደርጉ ግራ ገብቷቸው እንዳዘነበሉ ቀሩ። ኤዲተሬ ሁለተኛው ይሻላል፣ ቡናው በደንብ ይወርዳል ብሎኝ አራት ቀን ተጣላን።»

እኔ ምን እንደምሠራ አልነገርኳትም።