የምንተነፍሰው አየርና የመርሳት በሽታ

አዛውንቶቻችን የልጆቻቸው ስም ሲምታታባቸው ወይም የለመዱት መንገድ ሲጠፋባቸው «ዕድሜ ነው፤ ምን ይደረግ» ብለን እናልፋለን። ትልቁ ምክንያት ዕድሜ መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም ለብዙ ዓመታት የተነፈሱት የተበከለ አየርም ድርሻ እንዳለው የሚያሳየው ማስረጃ ችላ ሊባል ከማይችልበት ደረጃ ላይ ደርሷል ብዬ አምናለሁ።

በካናዳዋ ኦንታሪዮ ግዛት ዕድሜያቸው ከ55 እስከ 85 የሆነ ከ2 ሚሊዮን በላይ ነዋሪዎችን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት፣ ከዋና መንገድ 50 ሜትር ባልሞላ ርቀት የሚኖሩት ሰዎች በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ከ300 ሜትር በላይ ርቀው ከሚኖሩት በ7 በመቶ ገደማ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ቁጥሩ ለአንድ ሰው ትንሽ ነው፤ ነገር ግን አልተነፍስም ማለት የሚችል ሰው ስለሌለ፣ በሕዝብ ደረጃ ሲታይ ብዙ ቤተሰብን የሚነካ ጉዳት ይሆናል።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ጉዳቱ የሚደርስበት መንገድ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ሠላሳ እጥፍ ያህል የሚበልጣቸው፣ ፒኤም 2.5 የሚባሉት ቅንጣቶች ወደ ሳንባ ጥልቀት ይዘልቃሉ፤ ከእነርሱም እጅግ የደቀቁት ወደ ደም ይገባሉ፤ የሰውነት መቆጣትን ያስከትላሉ፤ አንጎልን የሚመግቡትን ቀጫጭን የደም ሥሮችም ይጎዳሉ። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 በሜክሲኮ ሲቲና በማንቸስተር ይኖሩ የነበሩ ሰዎችን አንጎል መርምረው፣ በከፍተኛ ሙቀት ቃጠሎ የሚፈጠሩትን የሚመስሉ ማግኔታይት የተባለ የብረት ማዕድን ድቡልቡል ቅንጣቶች አግኝተዋል። ይህ ግኝት ብቻውን ቅንጣቶቹ በሽታውን አመጡ አያሰኝም፤ ብክለቱ አንጎል ድረስ ሊዘልቅ እንደሚችል ግን ያመለክታል።

እ.ኤ.አ. በ2025 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 51 ጥናቶችን መርምረው፣ የፒኤም 2.5 መጠን በኪዩቢክ ሜትር 10 ማይክሮግራም በጨመረ ቁጥር የበሽታው ስጋት በ17 በመቶ ገደማ እንደሚያድግ አስልተዋል። ከጥናቶቹ አብዛኞቹ የተካሄዱት በበለጸጉ አገሮች ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ዓመታዊ አማካይ 5 ማይክሮግራም ሲሆን፣ የአዲስ አበባ አየር ከዚያ በእጅጉ ያልፋል፤ ጭስ መውጫ በሌለው ማድ ቤት በማገዶ እንጀራ ስትጋግር የኖረች እናት የተነፈሰችው ደግሞ ከዚህም የከፋ ነው።

ተስፋ የሚሰጠኝ በአሜሪካ በአረጋውያን ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት ነው፤ የአካባቢያቸው አየር ይበልጥ የተሻሻለላቸው ሴቶች በበሽታው የመያዝ ስጋታቸው ቀንሶ ተገኝቷል። ስለዚህ በአገራችን የኤሌክትሪክ ምጣድና የማያቋርጥ መብራት ለእናቶች ማዳረስ፣ ጭስ የሚተፉ አሮጌ መኪኖችንም ከመንገድ ማስወጣት፣ የአረጋውያን ጤና ዕቅድ አካል ሆኖ በጀት ሊያዝለት ይገባል።