የእናቴ ጉርሻና የልጄ እጅ

ባለፈው እሑድ እህቴ ከፍኖተ ሰላም ደወለች። የምንገናኘው ኔትወርክ ሲገኝ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሳይቋረጥ ብለን ሁለታችንም እየተሽቀዳደምን ነው የምናወራው። እኔ ወዳለሁበት አሜሪካ የሚያስገባው ዲቪ ደርሷታል። ደስታው ድምጿን ያንቀጠቅጠዋል። «ወንድም ጋሼ፣ እዚያ እኮ ልጅ ማሳደግ ቀላል ነው። ትምህርት ቤቱ በነጻ፣ ሐኪሙ በደጅ። እኔ እንደሆነ ለልጄ ብዬ ነው» አለችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገችና «የትንሹስ ነገር? ለቀቀው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ለቀቀው። ይቺ ቃል ሌሊቱን ሙሉ መኪና ስነዳ ከጆሮዬ አልወጣችም። እህቴ ክፋት የላትም። እኛ ዘንድ ልጅን አንድ ነገር ይይዘዋል፣ ከዚያ በጸበል ወይም በዕድሜ ይለቀዋል። የኔን ልጅ የያዘው ነገር ግን ስም አለው። ያን ዕለት በስልክ ያልነገርኳትን እዚህ ልጻፈው፤ ከእሷ ሌላም የሚጠቅመው ሰው አይጠፋም።

ልጄ አሁን 11 ዓመቱ ነው። በ2012 ኮሮና ሲመጣ 6 ዓመቱ ነበር። ትምህርት ቤት ተዘጋ። ቴሌቪዥኑ ቀኑን ሙሉ እጃችሁን 20 ሰከንድ ታጠቡ፣ ሽማግሌና አሮጊት እየሞተ ነው ይላል። ልጄ የተባለውን አደረገ፤ እኛም ጎበዝ አልነው። እንግዳ በስልክ ሲጠይቀን ሳይቀር «የኛማ ልጅ ሳይነገረው ይታጠባል» እያልን ኮራንበት። 20 ሰከንዱ 5 ደቂቃ ሆነ፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት። ሲያቋርጡት እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ቧንቧውን ከዘጋህበት ደግሞ የማታውቀው ልጅ ይሆንብሃል። ይናከሳል፣ ዕቃ ይወረውራል፣ ድምፁ እስኪዘጋ ይጮኻል። ጩኸቱ ሲያልቅ እግሬ ላይ ተኝቶ ይቅርታ ይለኛል። እኔ ግን ቁጣውን ብቻ ነበር የማየው።

አንድ ቀን በጥፊ መታሁት። እኔ ያደግኩት በልምጭ ነው፣ ልጅ እንዲህ የሚገራ ይመስለኝ ነበር። አላለቀሰም። ሮጦ መታጠቢያ ቤት ገባና ጉንጩን ያጥብ ጀመር። በሩ ላይ ቆሜ 20 ደቂቃ ጠበቅኩት። ከዚያ ወዲህ እጄን አንስቼበት አላውቅም።

በመስከረም 2014 ትምህርት ቤት በአካል ሲከፈት፣ በሁለተኛው ሳምንት ተደወለልኝ። የእጁ ቆዳ ከመታጠብ ብዛት ተሰነጣጥቆ ይደማ ነበር። አስተማሪዎች ልጅ ተጎድቷል ብለው ከጠረጠሩ የማመልከት የሕግ ግዴታ አለባቸው። አመለከቱ። ከሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤት አንዲት ሴትዮ ቤታችን መጣች። በጣም ትሑት ናት፣ ፈገግ ትላለች። ማቀዝቀዣችንን ከፍታ አየች። ከዚያ ሙቅ ውኃውን ከፈተችና በጣቷ ለካችው። የልጄን እጅ በፈላ ውኃ ነክሬው እንደሆነ ነው የምትመረምረው። እኛ ዘንድ ጓዳ የቤተኛ ነው፤ ከእናቴ ጓዳ ጎረቤት እንኳ ሳይጠራ አይገባም። እዚህ ግን አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። ጉዳዩ ወዲያው ተዘጋ፣ ጥፋት አልተገኘብንም። ሴትዮዋም ስትወጣ «ይህ ልጅ የአእምሮ ሐኪም ያስፈልገዋል» ብላ ወረቀት ሰጠችን። ለዚያ ወረቀት ዛሬ አመሰግናታለሁ። ያን ዕለት ግን ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። የጎጃም ሰው ልጁን እብድ አያስብልም።

ከዚያ ሁሉ በላይ ግን እስከ ዛሬ የማይወጣልኝ የገናው ነገር ነው።

ዲያስፖራው በገፍ አገር ቤት የገባበት የ2014 ገና ነበር። እኛም ሄድን። እናቴ ልጄን ከስልክ ውጭ አይታው አታውቅም። ደጀንን አልፈን፣ ደብረ ማርቆስ አድረን ፍኖተ ሰላም ስንደርስ ሰፈሩ ግቢው ውስጥ ነበር። ዶሮው ወጣ፣ መሶቡ ተከፈተ፣ እጅ ማስታጠቢያው ዞረ። እናቴ ነጭ ቀሚሷን ለብሳለች። መጀመሪያ ለማንም አላጎረሰችም። እንጀራውን ከእንቁላሉ ጋር አሳምራ ጠቀለለችና «ና የኔ ጌታ፣ በአያትህ እጅ ጉረስ» አለችው።

ልጄ እጇን መታው።

ጉርሻው ቀሚሷ ላይ ወደቀ። ልጁ በእንግሊዝኛ ይጮኻል፣ መሶቡን በእግሩ ገፋው፣ ልይዘው ስል ክንዴን ነከሰኝ። ሃያ ሰው ጸጥ አለ። እናቴ እጇን አላወረደችም። ወጡ ከጣቶቿ ወደ ክርኗ ይወርዳል፣ እሷ ግን እጇን እንደዘረጋች ቀረች። ከበስተኋላዬ አንድ ዘመዳችን ዝቅ ባለ ድምፅ «አሳዳጊ የበደለው» አለ። ሰማሁት። እናቴም ሰማችው። «ተዉት፣ መንገድ አድክሞት ነው» ብላ ተነሳችና ታጠበች። ከዚያ በኋላ እህል አልቀመሰችም።

ልጁ ወደ ውጭ ሮጦ ጄሪካኑን አገኘው። የሰፈር ልጆች ከቦኖ ተሸክመው ያመጡትን 20 ሊትር ውኃ በራሱ ላይ አፈሰሰው። ያን ጊዜ ያላስተዋልኩት አንድ ነገር አለ። እጁን አልነበረም የሚያጥበው። አፉን ነበር።

በማግስቱ ምክር መጣ። አንዱ ዓይነ ጥላ ነው ይላል፣ ሌላው ቡዳ፣ ሦስተኛው የፈረንጅ አገር ቅብጠት። የእናቴ የነፍስ አባት ብቻ ረጋ ብለው «ጸበሉንም ይጠመቅ፣ ሐኪምም ይየው፣ አንዱ አንዱን አይከለክልም» አሉኝ። ሰከላ ግሽ ዓባይ ወሰድነው። ጸበሉን ወደደው። ሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት እየለመነ ተጠመቀ፣ እኛም ተስፋ አደረግን። በኋላ ሳስበው ግን ለሱ ያም ሌላ መታጠቢያ ሆኖለት ነበር። እምነቴ አልጎደለም። የአባን ሁለተኛ ምክር ግን አልረሳሁም፤ እንደተመለስን መሳቢያዬን ከፍቼ ወረቀቱን አወጣሁ።

ወረፋው አራት ወር ፈጀ። ሐኪሟ ኦሲዲ ነው አለችን። አእምሮ አንድ የሚያስፈራ ሐሳብ ያመጣል፣ ሐሳቡ አልሄድ ይላል፣ ልጁ ፍርሃቱን ለማብረድ አንድ ድርጊት ይደጋግማል። መታጠብ፣ መቁጠር፣ መጠየቅ፣ በር መነካካት። ከ100 ልጆች ከ1 እስከ 2 የሚሆኑት ላይ ይታያል። ድርጊቱን ስትከለክለው ቁጣ የሚመጣው ልጁ ስድ ስለሆነ አይደለም። ቤት እየተቃጠለ ውኃ የቀማኸው ያህል ነው የሚሰማው። ባለቤቴ እንግሊዝኛው ስለሚከብዳት አስተርጓሚ በስልክ ነበር። አስተርጓሚው «የንጽሕና በሽታ» ብሎ ተረጎመው። ባለቤቴ ግራ ገብቷት «ንጽሕና ደግሞ በሽታ ነው እንዴ?» አለች። ሐኪሟን እንደገና በዝርዝር አስጠየቅናት።

በአምስተኛው ቀጠሮ ሐኪሟ ልጄን «ካልታጠብክ ምን ይሆናል?» አለችው። ዝም አለ። ከዚያ ወለሉን እያየ «አያቴ ትሞታለች» አለ። በኮሮና ጊዜ ከቴሌቪዥኑ የሰማው ነው። አያቱ አርጅታለች፣ እሱ ደግሞ ቆሻሻ ነው፣ ጣቷ ከንፈሩን ከነካ እሱ ይገድላታል። ለዚህ ነው እጇን የመታው። ለዚህ ነው አፉን ያጠበው። ፍኖተ ሰላም ላይ ሃያ ሰው ፊት ያዋረደን ልጅ፣ በሱ ቤት አያቱን ከሞት እያዳነ ነበር።

መኪና ውስጥ ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። በእኩለ ሌሊት ለእናቴ ደወልኩ። ስነግራት ብዙ ጊዜ ዝም አለች። «ልጄን! እኔን ብሎ ነው?» አለች። ሌላ አልተናገረችም።

ሕክምናው ከበሽታው የሚከብድ መስሎኝ ነበር። ልጁ የሚፈራውን ነገር ትንሽ በትንሽ እየነካ፣ ሳይታጠብ ፍርሃቱ በራሱ እስኪበርድ መቆየት ነው። መጀመሪያ የበር እጀታ ነክቶ 5 ደቂቃ፣ ከዚያ 10፣ ከዚያ የአውቶቡስ ወንበር። አስበው እስቲ፣ ከምግብ በፊት እጅ ማስታጠብ ክብር በሆነበት ቤት ያደግኩ ሰው ልጄን አትታጠብ እያልኩ መሬት ላይ አብሬው ተቀምጫለሁ። የመጀመሪያው ቀን 40 ደቂቃ ጮኸ። የጂፕሰሙን ግድግዳ በርግጫ በሳው፤ ቀዳዳው አሁንም አለ፣ አላስደፈንኩትም። በ41ኛው ደቂቃ ትንፋሹ ረጋ። «አባዬ፣ ሄደ» አለኝ። ምን እንደሄደ አልጠየቅኩትም።

ከሱ በላይ የተማርኩት ግን እኔ ነኝ። «አባዬ፣ እጄ ንጹሕ ነው?» ብሎ በአንድ ምሽት 40 ጊዜ ይጠይቀኛል፣ እኔም 40 ጊዜ «አዎ የኔ ልጅ» እላለሁ። እጀታዎቹን በአልኮል አብስለታለሁ። ባለቤቴ ከሥራ ስትመጣ በር ላይ ልብሷን ትቀይርለታለች። ይህ ሁሉ ፍቅር መስሎኝ ነበር። ሐኪሟ እያንዳንዱ «አዎ» በሽታውን ያጠነክረዋል አለችኝ። በኛ ቋንቋ ስተረጉመው፣ በሽታውን በገዛ እጄ አጎርሰው ነበር። አሁን ሲጠይቀኝ «ይህን የሚጠይቀኝ አንተ ነህ ወይስ ኦሲዲው?» እለዋለሁ። ቁጣው የመጣ እንደሆነ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ሊወረወር የሚችለውን አነሳለሁ፣ ታናሽ እህቱን ወደ ሌላ ክፍል እወስዳለሁ፣ እጠብቃለሁ። ንግግርና ምክር በቁጣው ሰዓት አይገባም፤ ሲበርድ ነው።

መድኃኒቱንም ፈርቼው ነበር። ሰርትራሊን ይባላል፣ እዚህ አገር ለኦሲዲ ከ6 ዓመት ጀምሮ ላሉ ልጆች ተፈቅዷል። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ በ112 ልጆች ላይ የተሠራ ጥናት እንዳለ ሐኪሟ ነገረችኝ፤ ከሁሉ የተሻለ ውጤት ያሳዩት መድኃኒቱንና ፍርሃትን ትንሽ በትንሽ የመጋፈጡን ሕክምና አንድ ላይ ያገኙት ነበሩ። በትንሽ መጠን ጀመረ። ሐኪሟ በየጊዜው ታየዋለች፣ በተለይ መጀመሪያ አካባቢ ጠባዩን እንድንከታተል በደንብ አስጠነቀቀችን።

እንግዲህ እህቴ፣ ነዪ። አትምጪ አልልሽም። ግን ቀላል ነው ብለሽ አትምጪ። ሐኪሙ በደጅ አይደለም፣ በወረፋ ነው። እኔ ሌሊት እነዳለሁ፣ ባለቤቴ ቀን ትሠራለች፣ ልጁ ሲጮኽ «ለኔ ተይው» ብሎ የሚነሳ ጎረቤት የለም። ጎረቤቱ ለፖሊስ ይደውላል። ፍኖተ ሰላም ላይ ደግሞ ልጁን የሚይዝልሽ አሥር ሰው አለ፣ አሥሩም ስም ያወጣለታል። ከሁለቱ የቱ እንደሚሻል እስካሁን አልቆረጠልኝም። ሆስፒታል ስትሄጂ አስተርጓሚ በነጻ የማግኘት መብት አለሽ፣ ልጅሽን አስተርጓሚ አታድርጊው፤ የራሱን በሽታ ለእናቱ እንዲተረጉም የተገደደ ልጅ አይቻለሁ። ከትምህርት ቤት ጋር የምትነጋገሪውን በጽሑፍ አድርጊው። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ያለ ሕግ አለ፣ አንቀጽ 504 ይሉታል፤ ለልጁ ችግር የሚስማማ አያያዝ ጠይቂ። የኔ ልጅ ሲጨንቀው ከክፍል ለትንሽ ደቂቃ የሚወጣበት ካርድ ተሰጥቶታል፣ በዚያ ካርድ ብዙ ቀን ተርፏል። እዚያው ለቀራችሁትም፣ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ልጅ ታሞ መንገዱ ሰላም ሲሆን ዛሬ ነገ አትበሉ።

ደግሞ «ለቀቀው?» ላልሽው፣ አልለቀቀውም። ፈተና ሲደርስበት፣ ጉንፋን ሲይዘው ይመጣል። ግን የእጁ ቁስል ደርቆ ከዳነ ሁለት ዓመት አለፈው።

እሑድ ዕለት እህቴ ስልኩን ለእናቴ ሰጠቻት። እናቴ ሁልጊዜ እንደምታደርገው ጣቶቿን ሰብስባ ወደ ስክሪኑ ዘረጋች፣ «ጉረስልኝ» አለችው። ልጄ የድንች ጥብስ እየበላ ነበር፣ ጣቶቹ በዘይትና በጨው ጠግበዋል። አፉን ከፈተና ጎረሰ። ከዚያ ያንኑ እጁን ሳያጥብ ወደ ካሜራው አስጠግቶ «አያቴ፣ የኔንም ጉረሺ» አላት።

እናቴ ዓይኗ ብዙም አያይም። ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠግታ መዳፉን ለረጅም ጊዜ አየችው። «እሰይ፣ ቁስሉ የለም» አለችና አፏን ከፈተች።