አባ ሳሙኤል፦ ሁለቱ አቃቂዎች የሚገናኙበት ግድብ

አባ ሳሙኤል ስደርስ ከውሃው በፊት የተቀበለኝ ሽታው ነው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትልቁና ትንሹ አቃቂ እዚህ ይገናኛሉ። ከላይ ገፈርሳ ትንሹን፣ ለገዳዲ ትልቁን ገድበው ከተማዋን ያጠጣሉ። ወንዞቹ ከተማዋን አቋርጠው ሲወርዱ ግን የቤቱንም የፋብሪካውንም ፍሳሽ ተሸክመው መጥተው እዚህ ይቆማሉ።

ግድቡ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተሠራ ሲሆን የአገራችን የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ ነው። አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት፣ ማለትም 6,600 ኪሎ ዋት ነው። ይህን ትንሽ የሚል ሰው ስሌቱን ይሥራው፦ በሴኮንድ 1 ሜትር ኪዩብ ውሃ ከ10 ሜትር ከፍታ ወርዶ፣ ማሽኑ 80 በመቶውን ቢጠቀምበት እንኳ የሚገኘው 78 ኪሎ ዋት ገደማ ብቻ ነው። ማመንጫው ለአሥርት ዓመታት ቆሞ ከከረመ በኋላ በቻይና ድጋፍ ታድሷል።

ዳር ላይ አንድ የእምቦጭ ግንድ ነቅዬ ሰበርኩት። ውስጡ እንደ ስፖንጅ በአየር የተሞላ ነው፤ የሚንሳፈፈውም በዚህ ነው። ጥቁር ላባ የመሰለው ሥሩ ደለል አቅፎ ወጣ። ፍሳሹ የሚያመጣው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ቀለቡ ነው፤ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። በአዋሽ ተፋሰስ መኖሩ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው።

እንዲህ ያለ ግድብ የሚታመመው ከመግቢያው ነው። እምቦጩና የሃይላንድ ፕላስቲኩ የመግቢያውን ፍርግርግ ሲደፍኑ ውሃው ከሚያሽከረክረው ማሽን፣ ከተርባይኑ፣ ሳይደርስ ጉልበቱን ያጣል፤ ስለዚህ በክረምት ፍርግርጉ በየቀኑ መጠረግ አለበት። አሸዋ ቀላቅሎ ያለፈው ደግሞ የተርባይኑን ምላጭ ይበላዋል። ከሥር አየር ያጣው ውሃ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ያወጣል፤ ያ ጋዝ ብረትም ኮንክሪትም ይጎዳል።

ደለሉን በታችኛው በር ማስወጣት የሚቻለው ሳይጠጥር፣ ጎርፉ ሲጀምር ነው። ከጠጠረ በኋላ በሩ ቢከፈት ፊቱ ያለውን ብቻ ፈንቅሎ ጉድጓድ ይሠራል፣ ሌላው ንቅንቅ አይልም። እኔ ግን ይህን መፍትሔ ብቻውን አልደግፈውም፤ ደለሉ የከተማዋን ፍሳሽ ይዞ ነው የሚወርደው። ከዚህ በታች በአቃቂ ውሃ አትክልት የሚያለማ ገበሬ አለ፤ ወንዙም ወደ አዋሽ፣ ከአዋሽም ወደ ቆቃ ነው የሚሄደው።